ከርዕስ የወጣ ጨዋታና የ10 ብር መቀጮ፦ ለአንድ የሳንቲምና የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ውስጥ ወደ ሃያ የምንጠጋ የአሮጌ ሳንቲምና የቴምብር ሰብሳቢዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዚራ በተባለው ሰፈር በሚገኘው የአንድ አባላችን ግቢ እንገናኛለን። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጠን ስለ ሳንቲምና ስለ ቴምብር የምናወራው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ የቀረው የድሮው ባቡር፣ የኳስ፣ የሙቀቱ፣ የሠርግና የልቅሶ ወሬ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት አዋቂ አባላት ‹እዚህ የምንማረው የለም› ብለው ቀሩ። እኔም ከርዕስ የወጣ ሁሉ በየጊዜው 10 ብር እንዲቀጣ ደንብ አወጣሁ፤ እስካሁን 640 ብር ተሰብስቧል። አሁን ደግሞ ሦስት አንጋፋ አባላት ተቀይመው ቀርተዋል። ደንቤ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት? ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። በድሬ ልማድ ቢሆን «አንተ» ብዬ ብጽፍልዎ ቅር እንደማይልዎ ዐውቃለሁ፤ በዚያች ከተማ «እርስዎ» ማለት ሰውን ከማክበር ይልቅ ማራቅ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። ጽሑፉን ሌሎችም ስለሚያነቡት ግን በ«እርስዎ» እቀጥላለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ የመቀጮውን ደንብ ይሻሩት። ይህን ስል ግን መጀመሪያ የቀሩት ሁለት አዋቂዎች ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። እነርሱ ያዩት ጉድለት በእርግጥ አለ፤ እርስዎ ግን ጉድለቱን በሌለበት ቦታ ፈለጉት። ይህን የምለው ሐረር ውስጥ አሮጌ ገንዘብንና የወረቀት ቅርስን በመንከባከብ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ በመቆየቴ ብቻ ሳይሆን፣ አባል ከነበርሁባቸው ሁለት የሰብሳቢዎች ስብስቦች አንዱ የእርስዎን በመሰለ ደንብ ምክንያት ሲፈርስ በዐይኔ ስላየሁ ነው።

ከሁሉ በፊት የሰብሳቢ ዕውቀት በሁለት ቦታ እንደሚቀመጥ ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛው ቦታ ካታሎግ ነው፤ ማለትም ሳንቲሞችና ቴምብሮች የተዘረዘሩበት መጽሐፍ። የዳግማዊ ምኒልክ ብር በፓሪስ እንደ ተመታ፣ የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. እንደሚል፣ ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት እንደሚበልጥ፣ በጀርባው ያለው አንበሳ በአንዳንዱ ላይ ግራ፣ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ቀኝ የፊት እግሩን እንደሚያነሣ ማንም ሰው ማጉሊያ መነጽርና ካታሎግ ይዞ ብቻውን ሊማረው ይችላል። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ ታትመው ሰባት ዓይነት ዋጋ እንደ ነበራቸው፣ ትንሹ ሩብ ገርሽ ትልቁም 16 ገርሽ እንደ ነበረ ለማወቅም ማኅበር መግባት አያስፈልግም። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት በአንድ ስብሰባ ግማሽ ሰዓት ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛው ቦታ የሰው አፍ ነው። ይህ ሳንቲም ከማን ቤት ወጣ? ለምን ተበሳ? ይህ ፖስታ ለምን ዘገየ? ይህ ቴምብር በማን ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መልሱን መያዛቸውን አያውቁም። «ስለ ሳንቲም የሚያውቁትን ይንገሩን» ቢባሉ «እኔ ምን ዐውቃለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። ስለ አያታቸው ሠርግ ወይም ስለ አባታቸው ሥራ ሲያወሩ ግን መልሱ ሳይጠየቅ ከአፋቸው ይወጣል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሌላው፣ ባልፈረሰው ስብስባችን አንድ ወጣት አባል በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የተላከ ፖስታ ይዞ መጣ። በፊቱ የጅቡቲ የመነሻ ማኅተም፣ በጀርባው የአዲስ አበባ የመድረሻ ማኅተም አለ፤ ደብዳቤው የደረሰው በተላከ በሦስተኛው ቀን ነው። መስመሩ በሙሉ 784 ኪሎ ሜትር ስለሆነና ባቡሩም ከ1917 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ አበባ ይደርስ ስለ ነበር፣ ለአንድ ባቡር ሦስት ቀን አልበዛም ወይ አልን። አንዱ ማኅተሙ የሐሰት ነው አለ፤ ሌላው ደብዳቤው አንድ ቦታ ተረስቶ ይሆናል አለ። ሳንግባባ ፖስታው ወደ አልበሙ ተመለሰ፤ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ ጡረታ የወጡ አንድ የባቡር ሠራተኛ የድሮ ተሳፋሪ እራቱን የት ይበላ እንደ ነበር ሲያወጉን፣ በአባታቸው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛ ሁሉ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ እንደሚገባ ነገሩን። ወጣቱ ምንም ሳይናገር ተነሥቶ አልበሙን እንደገና ገለጠው። ማኅተሞቹ እውነተኞች ነበሩ፤ ደብዳቤውም እንደ ተሳፋሪው ሁለት ሌሊት አድሮ ነው የደረሰው። በእርስዎ ደንብ ቢሆን እኒያ ሽማግሌ ስለ እራት በማውራታቸው 10 ብር ይቀጡ ነበር።

ሌላው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ሽማግሌዎቻችን «ጠገራ» የሚሉት። ይህ ገንዘብ ለካታሎግ የሚያስቸግር ፍጥረት ነው፤ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ስለሞቱ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ቀጥሏል። ቪየና ውስጥም፣ በኋላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይም ተመትቷል። የት እንደ ተመታ ለመለየት ጥቃቅን የቅርጽ ልዩነቶችን መመርመር ይቻላል፤ እዚህ አገር መቼ እንደ ገባና ምን ሲሠራበት እንደ ኖረ ግን ብሩ ራሱ አይናገርም። አንዲት አባላችን ስለ ጎረቤቷ ልጅ ሠርግ ስታወራ፣ የአያቷ የአንገት ጌጥ በጠገራ ብር የተሠራ እንደ ነበረና ቤቱ ሲቸገር ከጌጡ ላይ አንድ አንድ ብር እየተነቀለ፣ ማንጠልጠያው በሞረድ ተፍቆ፣ ወደ ገበያ ይወሰድ እንደ ነበረ ነገረችን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጫፉ ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለበትን ጠገራ «የተበላሸ» ማለት አቆምን። ገንዘብ ሆኖ መጥቶ፣ ጌጥ ሆኖ ኖሮ፣ ተመልሶ ገንዘብ የሆነ ብር ነው። በገበያ ዋጋው ዝቅ ማለቱ አልቀረም፤ እኔ ግን ንጹሕ ከሆነው ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

ሐረር ለዚህ ዓይነቱ ነገር ብዙ የምትናገረው አላት። አሚሮቿ የራሳቸውን ገንዘብ ይመቱ ነበር፤ የገንዘቡ ስም መሐለቅ ሲሆን ቃሉ ዛሬም በሐረሪ ቋንቋ ገንዘብ ማለት ነው። በጀጎል ውስጥ የሚገኘው የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም የተጀመረው በመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግል ቤታቸው ባከማቹት ስብስብ ነው። ሰው ከአያቱ ሳጥን ያወጣውን ነገር ለሌላ ሰው የሚያሳየው አስቀድሞ ቡና አብሮት ሲጠጣ፣ ደስታውንና ሐዘኑን ሲያይለት የኖረ እንደሆነ ነው። በካታሎግ ቁጥር ብቻ የሚመጣን ሰው ሳጥኑ ያለበት ክፍል አያስገባውም።

እዚህ ላይ ስለ መተማመን ጥቂት ማለት ይገባኛል። በትውልድ ፖላንዳዊ የሆነው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች አዲስ ነገር ለማስተላለፍ ሳይሆን አብሮነትን ለማጽናት ብቻ የሚናገሩት ንግግር እንዳለ አመልክቶ ስም አውጥቶለታል። ለእኛ ይህ አዲስ ግኝት አይመስልም፤ «እንዴት ነህ፣ ደኅና ነህ ወይ፣ ልጆች ደኅና ናቸው ወይ፣ ከብቱስ» እያልን ግማሽ ደቂቃ የምንቆም ሰዎች ስለሆንን፣ ከብት የሌለውን የከተማ ሰው ስለ ከብቱ መጠየቃችን ዜና ፈልገን እንዳልሆነ እናውቀዋለን። ነገሩ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሰላምታም በላይ ይሄዳል። የእኛ ሥራ በቃል የሚሠራ ነው። አንዱ ለአንዱ የአንድ ወር ደመወዝ የሚያወጣ ብር ያለ ደረሰኝ አውሶት ይሄዳል፤ አንዱ «ይህ ሐሰተኛ ነው፣ አትግዛው» ሲል ሌላው ያምነዋል፤ ሁለት ቴምብር በሦስት ሲለዋወጡ ሚዛን የለም። ያንን ሰው የማምነው ስለ ገርሽና ስለ ቤሳ ሲናገር ትክክል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስለ ጎረቤቱ ሲያወራ እንዴት እንደሚያወራ ስለሰማሁ፣ በኳስ ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን ስላየሁ፣ በልቅሶዬ ቀን መጥቶ ዝም ብሎ አጠገቤ ስለ ተቀመጠ ነው። (ቤሳ ካነሣሁ አይቀር፣ ቃሉ ከሕንዱ «ፓይሳ» የመጣ ነው፤ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንለውም ከዚያው ነው። እነሆ እኔም ከርዕስ ወጣሁ፤ 10 ብሩን ይመዝግቡብኝ።)

አሁን የፈረሰውን ስብስብ ነገር ላንሣ። ያ ስብስብ በመቀጮ የሚመራ፣ ሰዓት የሚያከብርና ንጹሕ ነበር። በውስጡ አንድ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ በየስብሰባው አንድ ወይም ሁለት የሐረር መሐለቅ በጨርቅ ጠቅልለው ያመጣሉ፣ ያሳያሉ፣ ስለ ጽሑፉ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ጠቅልለው ይሄዳሉ። ከእርሳቸው የተሻለ መሐለቅ የሚያነብ በአካባቢው አላየሁም። አንድ ጊዜ ሁለት ወር ሳይመጡ ቀሩ። «እገሌ የት ሄዱ?» ተባለና የሚያውቅ ጠፋ። የት ሰፈር እንደሚኖሩ፣ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው፣ በየትኛው የጀጎል በር በኩል እንደሚገቡ እንኳ ማናችንም አልጠየቅናቸውም ነበር፤ ደንቡ አይፈቅድማ። በኋላ የሰማነው፣ እንደ ሞቱና ቤተሰቦቻቸው የጣሳውን ሙሉ ሳንቲም ለአንድ ብር ሠሪ በክብደት እንደ ሸጡት ነው። የብር ሠሪው ጥፋት የለበትም፤ ብር ነው የገዛው። የቤተሰቡም ጥፋት አይደለም፤ ምን እንደ ያዙ የሚነግራቸው ሰው አልደረሰላቸውም። እኛ ነበርን መድረስ የነበረብን። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሰዉ አንድ በአንድ እየቀረ ስብስቡ በዝምታ አለቀ፤ «ፈረሰ» ብሎ ያወጀውም የለም።

እንግዲህ ጨዋታው መድኃኒት ከሆነ፣ የእርስዎ ሁለት አዋቂዎች ለምን ሄዱ? በጥያቄዎ ውስጥ ያልነገሩኝ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ እርሱም አዲስ ሰው እናንተ ዘንድ መጥቶ ምን እንደሚገጥመው ነው። ከሃያው ሰው ውስጥ ባለፈው አንድ ዓመት የገባው ስንት ነው? ገብቶስ ያመጣውን ነገር ለማሳየት ስንት ደቂቃ ጠበቀ? ይህን የምጠይቀው እኔው ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ነው። አንድ ጊዜ የአያቷን የቴምብር አልበም በፌስታል ይዛ የመጣች ተማሪ ነበረች። እኛ የምናወራው ድሮ በባቡር ጣቢያው ስለ ነበሩ ሰዎች ነበር፤ ሰዎቹን የምንጠራው በቅጽል ስማቸው፣ ታሪኩን የምንጀምረው ከመካከሉ፣ የምንስቀውም ገና ሳይጨረስ ነው፤ ምክንያቱም ሁላችንም መጨረሻውን እናውቀዋለን። ልጅቱ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጣ፣ ስንስቅ ፈገግ እያለች፣ አልበሙን ሳትከፍት ሄደች። ተመልሳም አልመጣች። አልበሙ ውስጥ ምን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በእራት ወሬና በዚህ ወሬ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ሁለቱም ከርዕስ የወጡ ናቸው። የባቡር ሠራተኛው ግን ለማያውቅ ሰው ነበር የሚያወጉት፤ «በዚያን ጊዜ እንዲህ ነበር» እያሉ፣ ወጣቱ ሊጠይቅ የሚችልበትን ክፍተት እየተዉ። የእኛ ወሬ ግን ለሚያውቅ ብቻ ነበር፤ ለአዲስ ሰው መግቢያ በር አልነበረውም። የጀጎል ግንብ እንኳ አምስት ጥንታዊ በር አለው። ሁለቱ አዋቂዎቻችሁም «የምንማረው የለም» ያሉት ስለ ኳስ በመወራቱ አይመስለኝም፤ አንድ ዓይነት ወሬ በአንድ ዓይነት ሰዎች መካከል ለሃያኛ ጊዜ ሲደገም፣ የሚጠይቅ አዲስ ሰው ሲጠፋ፣ የእነርሱም ዕውቀት የሚፈልገው ሲያጣ ነው።

በድሬና በሐረር ደግሞ ሌላ አገር የማያውቀው ረቂቅ ነገር አለ፤ ቋንቋ ነው። ጠረጴዛው ላይ አማርኛ እንናገራለን፤ ጨዋታው ሲሞቅ አንዱ በኦሮምኛ ቀልድ ይጥላል፣ ሌላው በሶማልኛ ይመልሳል፣ ሦስተኛው በሐረሪ ይጨምርበታል። ይህ የከተማችን ጸጋ ነው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ ማለፍ የሚችል ሰው ብዙ ነው። ሆኖም በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው ከጨዋታው ውጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሥራ ምክንያት ከሌላ አካባቢ የመጣው አዲሱ አባል ነው። መከልከል አያስፈልግም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ዘንበል ብሎ «እንዲህ ነው ያለው» ቢለው ይበቃል። እኛ ዘንድ ይህን ተግባር አንዲት እናት በፈቃዳቸው ይዘውት ነበር፤ ማንም ሳይሾማቸው አዲስ የመጣውን ሰው አጠገባቸው ያስቀምጡታል፣ የሰዎቹን ስም ይነግሩታል፣ ቅጽል ስሞቹን ይፈቱለታል። ማኅበራችን ለዐሥር ዓመታት የቆየው በእርሳቸው ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት ማኅበር አላቸው። አፎቻ የተቋቋመው ለሠርግና ለልቅሶ መረዳጃ ነው፤ ዓላማው የታወቀ ነው። ሰዎቹ ሲሰበሰቡ ግን ስለ ሠርግና ስለ ልቅሶ ብቻ አያወሩም፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሁሉም ያወራሉ። በችግር ቀን አፎቻው ቶሎ የሚደርሰው ያ ወሬ ማን ምን እንደ ጎደለው አስቀድሞ ስለ ነገረው ነው። እንደዚሁም በሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባለው ከፍና ዝቅ ያለ መቀመጫ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ክብሩና እንደ ዕድሜው ቦታ አለው፤ ወሬው ግን በሁሉም ደረጃ ላይ ይፈስሳል። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ቦታና ሰዓት ከተሰጠው አፉን መዝጋት አያስፈልግም።

ስለዚህ ደንቡን በሌላ ሥርዓት ይተኩት። ሥርዓቱ ማንንም የማያስቀይም ምክንያት እንዲኖረው ደግሞ ሳንቲሙና ቴምብሩ ራሳቸው ይርዱዎት። በስብሰባው የመጀመሪያ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ በዚያ ሰዓት ቡናም፣ ሻይም፣ ፋጢራም አይቀርብም። ምክንያቱ ከሥነ ምግባር ጋር የተያያዘ አይደለም፦ ፋጢራ የነካ እጅ በብር ላይ ቅባት ይተዋል፣ የጣት አሻራ ቀስ በቀስ በብረቱ ላይ ይቀረጻል፣ የፈሰሰ ቡናም ቴምብርን ያበላሻል። ሁሉም ሰው እጁን ታጥቦ፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ እየያዘ፣ አንድ አንድ ነገር ያሳያል። ተራው ከአዲሱ ሰው ይጀምርና በአንጋፋው ይጨረሳል፤ በተለመደው መንገድ ከሽማግሌ ከጀመሩ ለወጣቱ ጊዜ አይተርፍም። አንጋፋውም መጨረሻ ላይ መናገሩ እንደ ክብር እንጂ እንደ መገፋት እንደማይቈጠር በግልጽ ይነገረው፤ ፍርድ የሚሰጠው ሁልጊዜም ሁሉን ሰምቶ የሚጨርሰው ሰው ነው።

ሰዓቱ ሲያልቅ ጨርቁ ይነሣል፣ ሳንቲሙ ወደ ማኅደሩ ይመለሳል፣ ቡና ይቀርባል። (በነገራችን ላይ ማኅደሩ ያ ልስልስና ሽታ ያለው ርካሽ ፕላስቲክ እንዳይሆን፤ እርሱ ሲያረጅ በሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተፋል። ላስቲክ ማሰሪያና ጋዜጣም ብርን ያጠቁራሉ። ደግሞም እባክዎ፣ አባላትዎ ሳንቲም በሎሚና በአመድ ማሸት እንዲተዉ ይምከሩልኝ።) ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት የጨዋታ ነው፤ ኳሱም፣ ባቡሩም፣ ሙቀቱም ይወራበት። እርስዎ ጸሐፊው ግን ደብተርዎን አይዝጉ። ከወሬው ውስጥ ከአንድ ሳንቲም ወይም ከአንድ ደብዳቤ ጋር የሚገናኝ ነገር ሲወጣ፣ ባለታሪኩን አስፈቅደው፣ ማን እንደ ተናገረው፣ ከማን እንደ ሰማው፣ ስለየትኛው ዕቃ እንደ ሆነ በሁለት መስመር ይጻፉት። ከአንድ ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከስብስባችሁ ሁሉ ውድ ዕቃ ይሆናል፤ ሳንቲሙን ሌላ ሰው ሊያገኘው ይችላል፣ ታሪኩን ግን ከዚያ ግቢ ውጭ የሚያገኘው የለም።

ሁሉም ወሬ ይፈቀድ ማለቴ እንዳይመስልዎ። በቆየሁባቸው ዓመታት ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት ወሬ የኳስ ወሬ ሆኖ አያውቅም። አባል ያልሆነ ሰው ባለበት «እገሌ ቤት ይህን ያህል ጠገራ አለ» ማለት ሌባን መንገድ መምራት ነው፤ ይህን ዓይነቱን ነገር ወዲያው ማስቆም ተገቢ ነው። የፖለቲካና የሃይማኖት ክርክርም ሰዉ ራሱ ስለሚያውቀው ብዙ አልልበትም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሐዘን ቤት ውስጥ የሚደረግ ንግድ ነው፦ አባል ሲሞት ድንኳኑ ሳይነሣ ሚስቱን «ያ አልበም ይሸጣል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዐይቻለሁ። በእኔ ፍርድ መቀጮ የሚገባው እርሱ ነው፤ 10 ብር ግን አይበቃውም። ለዚህ በጽሑፍ ደንብ አውጡ፦ የሟች አባል ስብስብ በቤተሰቡ ጥያቄ ብቻ፣ ሊገዛ ያልፈለገ አባል ገምቶት፣ ዋጋው ለቤተሰቡ በግልጽ ተነግሮ ይታያል። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብም ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ በዚያው አጋጣሚ ይነገር።

የቀረው የአምስቱ ሰዎች ጉዳይ ነው። ለሦስቱ አንጋፋዎች ደብዳቤ አይጻፉ፤ ደብዳቤ ክስ ይመስላል። ከእርስዎ የሚበልጥ አንድ አባል ይዘው በየቤታቸው ይሂዱ፣ ጥፋቱ የእርስዎ መሆኑን ይናገሩ፤ ስለ ሳንቲም ምንም ሳያነሡ ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ከቀረበልዎ ጠጥተው ይመለሱ። ለሁለቱ አዋቂዎች ግን መንገዱ ሌላ ነው። እነርሱ የሄዱት ዕውቀታቸው ሥራ ስላጣ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ይዘውላቸው ይሂዱ። ማናችሁም ልታነቡት ያልቻላችሁት አንድ መሐለቅ ወይም ማኅተሙ የደበዘዘ አንድ ፖስታ አይጠፋችሁም። እርሱን ያሳዩአቸውና «የሚቀጥለው እሑድ የመጀመሪያው ሰዓት የእርስዎ ነው፤ አንዲት ልጅም አልበም ይዛ ትመጣለች፣ አጠገብዎ ትቀመጥ» ይበሏቸው። ልጅቱን ደግሞ ከወዲሁ ይፈልጓት፤ በድሬ የአያቱን አልበም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ወጣት ሞልቷል።

640 ብሩን ለየባለቤቱ ይመልሱ፤ በስብሰባው ፊት፣ ስም እየጠሩ። ከማን ስንት እንደ ተቀበሉ ያልመዘገቡት ካለ፣ በተረፈው ቡናና ስኳር ይግዙበት፤ የሚፈላው ግን ጨርቁ ከተነሣ በኋላ ነው።